የቤተ መንግሥት ባለቅኔን በሁለት ጆሮ መስማት፦ ስለ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶች አንድ አስተያየት

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን የዮፍታሔ ንጉሤ ስም የሚነሣው ባመዛኙ በመግቢያ ላይ ነው። የአማርኛ ተውኔት እንዴት ተጀመረ ሲባል ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በቀዳሚነት ይጠራል፤ ዮፍታሔና መላኩ በጎሰው ይከተላሉ፤ ሥራዎቻቸው ምግባርን የሚሰብኩና ዙፋኑን የሚያወድሱ እንደ ነበሩ ባጭሩ ይነገራል፤ ወዲያው ወደ መንግሥቱ ለማና ወደ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይታለፋል። በዚህ አቀራረብ ዮፍታሔ ወደ ሌላ ዘመን መሸጋገሪያ እንጂ ተቀምጠው የሚያነቡት ደራሲ አይደለም። "የቤተ መንግሥት ባለቅኔ" የሚለው ቅጽልም መግለጫ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ ከተለጠፈበት በኋላ ጽሑፉን መመርመር አስፈላጊ አይመስልም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ፍርዱ ያለ ምርመራ የተሰጠ ነው የሚል ነው። ዮፍታሔ ንጉሡን አላወደሰም ለማለት አይደለም፤ አወድሷል፣ ደጋግሞም አወድሷል። ነገር ግን በዙፋን ፊት የሚቀርብ ጽሑፍ የራሱ የአነጋገር ሥርዓት አለው፤ ይህን ሥርዓት የማያውቅ አንባቢ ውዳሴውን ብቻ ሰምቶ ይመለሳል። ሥርዓቱን ለማወቅ ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እኛ፣ ቅኔ ቤት ባልጠፋበት አገር የምንማር፣ የተሻለ ዕድል አለን። ባለ ዕድሎቹ ዝም ማለታችን ነው የሚገርመኝ።

ስለ ሕይወቱ ጥቂት ላውሳ። ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ተወለደ። ደብረ ኤልያስ በቅኔ መምህራኑ የታወቀ ደብር ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሐዲስ ዓለማየሁም እዚያው ተምሯል። ዮፍታሔ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከበሰለ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመረ፤ ተውኔቶቹንም ከተማሪዎቹ ጋር እያዘጋጀ በመኳንንቱና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አሳየ። ያገኘው ማዕርግ "ቀኝ ጌታ" የሚል ነው። ይህ ማዕርግ የጦር ሜዳ ወይም የችሎት ሹመት አይደለም፤ በማኅሌት በቀኝ በኩል ቆሞ ለሚመራ ሊቅ የሚሰጥ የቤተ ክርስቲያን ስያሜ ነው። ለተውኔት ጸሓፊ የተሰጠው የክብር ስም ከማኅሌት መወሰዱ ሰውየው በዘመኑ ዓይን ምን እንደ ነበረ በቂ ምስክር ይመስለኛል። መድረኩ አዲስ ቢሆንም የተሰማው እንደ ባለቅኔ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በድንበር ላይ ሲከማች የአገር ፍቅር ማኅበር በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ተቋቋመ፤ ሕዝቡን ለመቀስቀስ በተደረጉት ስብሰባዎች ዮፍታሔ ግጥምና ዜማ ካቀረቡት አንዱ ነበር። ወረራው ሲበረታ ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ከድል በኋላ ተመልሶ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ። የሕይወቱንና የጽሑፉን ታሪክ በጥንቃቄ ያጠናልን ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ ነው፤ ጥናቱ ከእርሱ ሞት በኋላ በወንድሙ በዮናስ አድማሱ አሰናጅነት ለመጽሐፍ በቅቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ዮፍታሔ የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ዮሐንስን መድገም ነው። አንድ ሰው መሠረቱን ጥሎ ሲሄድ ሌላው ግድግዳውን ማቆም ነበረበት፤ እኛ ግን መሠረቱን እየዞርን እናደንቃለን።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ቅኔ በባሕርዩ የዕለት ነው። ባለቅኔው በቅዳሴ ወይም በማኅሌት መካከል ለዕለቱ በዓል፣ ለዕለቱ ጉዳይ፣ በፊቱ ለቆመው ሰው ይቀኛል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም ይታፈርበታል። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ሐሳቡን ባንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ከምስጋና ተነሥቶ የዘመኑን ወሬ፣ የሹሙን በደል፣ የሞተውን ሰው ኀዘን፣ የአገሩን ችግር ያስገባል። ሹሙ በአጠገቡ ቆሞ ሊሰማ ይችላል፤ ሰሙን ሰምቶ ይደሰታል፣ ወርቁን የሰማው ደብተራ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ይስቃል። ሹሙ ራሱ ወርቁን ቢሰማስ? ያን ጊዜም ቢሆን ሊቆጣ አይመቸውም፤ ተቆጣ ማለት ነገሩ በእኔ ላይ ነው ብሎ መመስከር ነውና። የሰምና ወርቅ ዋና ጥቅም ይህ ነው። መደበቂያ ብቻ አይደለም፤ ለሰሚውም መውጫ ይተውለታል።

ይህን ልማድ ይዞ የመጣ ሰው ተውኔት ሲጽፍ ምን ይሆናል? በመጀመሪያ ጽሑፉን ለማተም አይጣደፍም፤ ተውኔቱ ለአንድ በዓል የተዘጋጀ ነውና በዓሉ ሲያልፍ ሥራውን ጨርሷል። ዛሬ ብዙዎቹን የዮፍታሔ ሥራዎች ከሙሉ ጽሑፋቸው ይልቅ በርእሳቸው የምናውቃቸው ስደትና ወረራ ስላጠፋቸው ብቻ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ሙገሳውንና ወቀሳውን በተለያየ ወረቀት አይጽፍም፤ በአንድ ቃል ውስጥ ያኖራቸዋል። የእኛ የማስተማሪያ መዝገብ ግን "የውዳሴ ግጥም" እና "የተቃውሞ ግጥም" የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ስላሉት ሁለቱንም የያዘውን ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል።

ተክለ ሐዋርያትን እዚህ ላይ ማሰብ ይጠቅማል። በሩሲያ የተማረው ይህ ሰው በ1910ዎቹ የአውሬዎችን ተረት መሠረት ያደረገ ኮሜዲ ጽፎ በአዲስ አበባ ሆቴል አሳየ፤ ተረቶቹ የላ ፎንቴንን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። አውሬዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ለመረዳት ግን ማንም አልተቸገረም፤ የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥትም ተቆጥቶ ከለከለው። (ይኸው ደራሲ ኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ መሆኑ ለብቻው የሚጻፍበት ጉዳይ ነው።) ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያችው ከተማ ተውኔት ከክልከላ ወጥቶ የቤተ መንግሥት በዓል ጌጥ ሆነ። ለዚህ ለውጥ የዙፋኑ ባለቤት መለወጥ ዋና ምክንያት ነው፤ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ለአዲስ ነገር ቅርብ ነበሩ። የአጻጻፉ መለወጥ ግን አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል። ተክለ ሐዋርያት የተናገረው በውጭ አገር ተረት፣ በግልጽ ፌዝ ነው፤ ዮፍታሔ የተናገረው ቤተ መንግሥቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሚሰማው የሊቃውንት ቋንቋ ነው። የመጀመሪያውን መከልከል ቀላል ነበር። ሁለተኛውን ለመከልከል መወድስን መከልከል ያስፈልጋል።

የቤተ መንግሥት ተውኔት የእኛ ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ አንድ ሩቅ ምሳሌ ላምጣ። ፍራንሲስኮ ባንሴስ ካንዳሞ የሚባል የስፔን ባለቅኔ በሰሜን ስፔን በአስቱሪያስ እ.ኤ.አ. በ1662 ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1687 የዳግማዊ ካርሎስ የቤተ መንግሥት ተውኔት ደራሲ ሆኖ ተሾመ። ደመወዙ ከንጉሡ ነው፤ ተመልካቹ ንጉሡና መኳንንቱ ናቸው። ካርሎስ ሕመምተኛና ልጅ አልባ ነበር። የስፔን ዙፋን ማን ይወርሳል የሚለው ጥያቄ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ሁሉ ይሹለከለክ ነበር፤ በግልጽ ሊናገረው የሚደፍር ግን አልነበረም። ካንዳሞ በዚያ ዘመን ስለ ተውኔት ጥበብ መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ፤ ሳይጨርሰውና ሳያሳትመው ሞተ። ከመጽሐፉ ተነቅሶ እስከ ዛሬ የሚወሳው ሐሳብ ይህ ነው፦ ለንጉሥ የሚጽፍ ባለቅኔ ሳይናገር መናገር አለበት፤ ታሪኩን እንደ ጥንት ታሪክ አቅርቦ ፍርዱን ለንጉሡ ልብ መተው አለበት።

በተግባርም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1692 የቀረበው ተውኔቱ በወርቅ እግር ብረት ስለ ታሰረ ባሪያ ይናገራል። ታሪኩ በሮማ ነው። ካሚሎ የሚባል መኰንን በንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ላይ ያሤራል፤ ሤራው ሲገለጥ ንጉሡ አይገድለውም፤ የመንግሥቱን ሥራ በትከሻው ይጭንበታል። ሥልጣን ያማረው ሰው ቀንና ሌሊት ፍርድ ሲሰጥ፣ አቤቱታ ሲሰማ፣ እንቅልፍ ሲያጣ የተመኘው ነገር እስራት መሆኑን ይረዳል። መኳንንቱ ይህን ሲያዩ የሮማን ታሪክ አዩ፤ ደግሞም በቅርቡ ከሥልጣን የወረደውን ሚኒስትር፣ ደግሞም የራሳቸውን ፍላጎት አዩ። ካርሎስ እ.ኤ.አ. በ1700 ያለ ወራሽ ሞተ፤ የተፈራው ጦርነትም መጣ። ካንዳሞ ከማድሪድ ርቆ በየክፍለ ሀገሩ የንጉሡን ግብር ሲያስተዳድር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1704 ዐረፈ። የስፔን የሥነ ጽሑፍ ታሪክም ለረጅም ጊዜ የካልዴሮን ጭራ አድርጎ ነው ያነበበው፤ ዛሬ ግን ተውኔቶቹ ከዘመኑ ፖለቲካ ጋር እየተናበቡ በስፋት ይጠናሉ።

ካንዳሞን ያነሣሁት ዮፍታሔን በእርሱ ለመለካት አይደለም። ዮፍታሔ ካንዳሞን አንብቦ ነበር የሚል ግምትም የለኝም። የምለው ይህ ነው፦ ካንዳሞ በድርሰት መልክ ሊያስረዳ የደከመበት ሳይናገሩ የመናገር ጥበብ በደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ለልጅ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ስፔናውያን የራሳቸውን ባለቅኔ እንደገና ለማንበብ ያን ጥበብ ከተረሳ መጽሐፍ ቆፍረው ማውጣት ነበረባቸው። እኛ መምህሩን ከነተማሪው፣ ጎጆውን ከነአኮፋዳው በቅርባችን አለን።

ይህን ንባብ በርእሶቹ ላይ ብቻ እንኳ ብንሞክረው የሚገኝ ነገር አለ። "ጥቅም ያለበት ጨዋታ" የሚለውን እንውሰድ። ደራሲው ለአዲሱ ነገር "ቲያትር" የሚል የውጭ ቃል በቀረበለት ዘመን "ጨዋታ" አለው፤ ጨዋታ ግን ለሊቃውንቱ ከንቱ ነገር ነውና ወዲያው "ጥቅም ያለበት" ብሎ ጠበቃ አቆመለት። ርእሱ ለተጠራጣሪ ካህንና ለተጠራጣሪ መኰንን የተሰጠ መልስ ነው። "የሆድ አምላክ ቅጣት" ደግሞ ሆዳቸው አምላካቸው የሆነ ሰዎችን ከሚያነሣው ከፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 3 ጋር ይነጋገራል። በግብር አዳራሽ ውስጥ፣ ጠጁና ጥሬ ሥጋው በሚቀርብበት ቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ ሆዱን ስላመለከ ሰው ቅጣት መናገር ተራ የምግባር ስብከት ነው የሚል ሰው የግብርን ፖለቲካ ረስቷል። በዚያ ዘመን መብላት መሾም ነው፤ አገር "ይበላል"፤ ሹም ጉልት "ይበላል"። ቃሉ በሁለት በኩል ስለት አለው።

"እያዩ ማዘን" ከሁሉም ይልቅ ያስደንቀኛል። በሰዋስው ዓይን "እያዩ" የሚለው ቅርጽ ባለቤቱን አይገልጥም። ማንኛውም ሰው እያየ ማዘኑ ሊሆን ይችላል፤ እነርሱ እያዩ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ እያዩም ሊሆን ይችላል። አክብሮት የሚፈልግ ሰው ከፊት በተቀመጠ ጊዜ ሦስተኛው ትርጉም ራሱን ከፍ አድርጎ ይሰማል። የሚያየው ማን ነው? የሚያዝነውስ? ርእሱ መልስ ሳይሰጥ ያልፋል። "አፋጀሽኝ" የሚለውም እንዲሁ ነው። የወረራውን ዘመን ጉዳይ ያደረገው ይህ ተውኔት ስሙን ያገኘው "አንቺ" ከምትባል፣ በስም ካልተጠራች ተወቃሽ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሀገርን "አንቺ" እንደሚላት ያውቃል፤ ስለዚህ ፍቅሩም ወቀሳውም በአንድ ቃል ላይ ያርፋሉ። ላንቺ ብለን ተፋጀን፤ አንቺ ነሽ ያፋጀሽን። ከዚህ በላይ መሄድ በርእስ ብቻ አይቻልም፤ ትዕይንቱን፣ ተናጋሪውን፣ የቤት አመታቱን ማየት ያስፈልጋል። ሥራው እዚያ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ በደባርቅ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነገሩ የአዲስ አበባና የጎጃም ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። እንደዚያ አይደለም። ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ዳባትና ወገራ ድረስ ያለው አገር የራሱ የዙፋን ፊት ግጥም ታሪክ አለው። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ጃናሞራ ውስጥ ናት፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥተው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አንዱ ለደገሰው ሌላው ነገሠበት፤ አዝማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ለዮፍታሔ ዘመን የሚቀርበው ምሳሌ የደጃዝማች አያሌው ብሩ ነው። በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ የሰሜንና የወገራው ገዥ ደጃዝማች አያሌው ከንጉሥ ተፈሪ ወገን ቆሙ። ጉግሣ በውጊያው ወደቁ። አያሌው የተመኙትን የራስነት ማዕርግ ሳያገኙ ቀሩ። ሕዝቡ ያን ጊዜ አንድ አጭር ግጥም አወጣ፤ እኔ ያደግሁበት አገር ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል፤ በታሪክ መጻሕፍትም ገብቷል። ግጥሙ በላይ በላዩ አያሌውን ይነቅፋል፣ ሰውን በማመናቸው ይሣለቅባቸዋል። ንጉሡን በክፉ አያነሣም፤ ስማቸውንም አይጠራም። አምኖ የተሞኘ ሰው ካለ ግን የታመነና ቃሉን ያልጠበቀ ሌላ ሰው አለ። ይህን ለመረዳት የቅኔ መምህር አያስፈልግም። በገበያ፣ በሰርግ፣ በጠላ ቤት የተዘፈነው ሰሙ ስለ አያሌው ነው፤ ወርቁ ስለ ዙፋኑ ነው።

ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እወዳለሁ። አንቺም መጋቢት 1922 ዓ.ም. ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በእነዚያው ዓመታት አንድ የጎጃም ደብተራ በአዲስ አበባ ተማሪዎችን ለመድረክ ሲያሠለጥን፣ በሊማሊሞ ማዶና ወዲህ ስም የሌላቸው አዝማሪዎች ስለዚያው ዙፋን በማሲንቆ ይናገሩ ነበር። የመጀመሪያውን "የቤተ መንግሥት"፣ ሁለተኛውን "የሕዝብ" ብሎ መለየት ይቀናናል። እኔ ግን አንድ ጥበብ ነው የምሰማው። ልዩነቱ አዝማሪው ዘፍኖ ወደ ማታው ገበያ ሲሄድ ዮፍታሔ ነገ ጧት እዚያው ቤተ መንግሥት ደጅ የሚቆም መሆኑ ነው። የጥበቡ መጋረጃ መወፈር ያለበት ለማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ለዚህ አቋም የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ከባድ ነው። ሰምና ወርቅን የሚፈልግ ሰው በየትም ያገኘዋል፤ ያላሰበውን ሐሳብ በሟች አፍ ማድረግ ይቻላል። እውነት ነው። የቅኔ ትምህርት ራሱ ግን ለዚህ ልጓም አለው፤ ወርቁ በሰሙ ቃል፣ በሰዋስውና በምሥጢር ካልተደገፈ መምህሩ አይቀበለውም፤ ተማሪው "ፍታ" ሲባል ቃል በቃል ማሳየት አለበት። እኔ ስለ "እያዩ" ያልሁት የሰዋስው ድጋፍ አለው፤ የትዕይንት ድጋፍ ካላገኘ ይወድቃል፤ ሊወድቅ መቻሉም ደግ ነው። ሌላው ተቃውሞ የዮፍታሔ ተውኔቶች በድርጊት የሳሱ፣ ገጸ ባሕርያታቸው ከሰውነት ይልቅ ስያሜ የሆኑ ናቸው የሚል ነው። ከዚህ ጋር በከፊል እስማማለሁ። ከጸጋዬ ገብረ መድኅን መድረክ ለመጣ ተመልካች ዝግ ያሉ ናቸው፤ ስብከቱም አንዳንዴ ይረዝማል። ይህ ግን ያለመነበብ ምክንያት አይሆንም። የካልዴሮንም የበዓል ተውኔቶች ገጸ ባሕርያት እምነት፣ ጸጋና ኀጢአት የሚባሉ ናቸው።

ክብደት ያለው ችግር ሌላ ነው። በአንድ የጥናት ንድፍ ውይይት ላይ ስለ ዮፍታሔ ለመጻፍ ያሰበ ተማሪ የሚሰጠውን መልስ ሰምቻለሁ፤ ጽሑፉ ተሟልቶ አይገኝምና ሌላ ርእስ ፈልግ የሚል ነው። መልሱ በቅን ልብ የተሰጠ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳ አለ፣ የገጽ ብዛት አለ፣ ፈታኝ አለ። ውጤቱ ግን የታወቀ ነው። በቀላሉ የሚገኙ ልብ ወለዶች በዓመት ዓመት ይጠናሉ፤ ስለ "ፍቅር እስከ መቃብር" የሚጻፈው የማሟያ ጽሑፍ ይደራረባል፤ የሐዲስን ቅኔ ቤት የተጋራው ዮፍታሔ ደግሞ ጽሑፉ ስላልተሰበሰበ አይጠናም፣ ስላልተጠናም አይሰበሰብም። ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የአንድ ተውኔት ጽሑፍ ያለበትን ማግኘት፣ ቅጂዎቹን ማነጻጸር፣ ቃላቱን መፍታትና ለኅትመት የሚበቃ ንባብ ማዘጋጀት በቂ ሥራ መሆኑን የትምህርት ክፍሎች ሊቀበሉ ይገባል። በሌላው ዓለም ጽሑፍን ማሰናዳት የከፍተኛ ምርምር ሥራ ነው፤ እኛ ዘንድ የጸሐፊ ሥራ ተደርጎ ይታያል። የግዕዝ ድርሳናት አጥኚዎቻችን ይህን ክብር ለግዕዝ ሰጥተዋል። የ1920ዎቹ አማርኛም ዛሬ ጥንታዊ ጽሑፍ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ያለ ማብራሪያ በቀላሉ አይዘልቀውም።

የቃሉ ክፍልም ይጠብቀናል። ስለ አያሌው ብሩ የተባለው ግጥም በመጽሐፍ የገባው በአንድ መልኩ ነው፤ በደባርቅ፣ በዳባት፣ በአዲ አርቃይና በጃናሞራ ግን በልዩ ልዩ መልክ ይባላል፤ ቃሉ ሲለወጥ ወቀሳው የሚያርፍበት ሰው ይለወጣል። እያንዳንዱ መልክ ከማን አፍ፣ በየት ቦታ፣ በምን አጋጣሚ እንደ ተሰማ ሳይመዘገብ እየቀረ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ያጣናቸው ሰዎች በመጀመሪያ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር የሄደውን ቃል የቈጠረው ግን የለም። ደራሲው የታወቀ፣ ማዕርጉ የታወቀ፣ ዘመኑ የታወቀ የቤተ መንግሥት ባለቅኔ እንኳ በርእስ ብቻ ከቀረልን ስም የሌለው አዝማሪ በምን ይተርፋል?

ሁለቱን ሥራዎች ማገናኘት ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ የድኅረ ምረቃ ሴሚናር የዮፍታሔን አንድ ትዕይንት ይውሰድ፤ አንድ የቅኔ መምህርና አንድ አዝማሪ በእንግድነት ይጋበዙ፤ ተማሪዎቹ ትዕይንቱን ጮክ ብለው ያንብቡ። መምህሩ "ይህ ኅብር ነው፣ ይህ አይደለም" ይበሉ፤ አዝማሪው ሰሚው የሚስቅበትን ቦታ ያሳይ። በዝምታ ሲነበብ ስብከት የሚመስለው ዐረፍተ ነገር ሲነገር ምን እንደሚሆን በዚያ ይታያል። ሳቁ የመጣበት መስመር በወረቀቱ ኅዳግ ምልክት ይደረግበት፤ ቀጥሎም ያ መስመር በተባለበት ዓመት፣ በዚያ አዳራሽ፣ በፊተኛው ወንበር ማን ተቀምጦ እንደ ነበረ ይፈለግ።